ኖራ የበዛበት ውኃና የቤት ሒሳብ

በውኃ ክፍያ ደረሰኝ ላይ የሚጻፈው በቆጣሪው ያለፈው ውኃ ብዛት ብቻ ነው፤ ውኃው በውስጡ አሟሙቶ የሚያመጣው ኖራ ግን በዚያ ደረሰኝ ላይ ባይመዘገብም፣ በሳሙና፣ በቦይለር ጥገና፣ በተደፈነ ሻወርና ያለ ዕድሜው በሚጣል የልብስ ማጠቢያ መኪና ስም እየተከፋፈለ ከቤተ ሰቡ ኪስ የሚወጣ ዕዳ ነው። በድሬዳዋና በመቀሌ የሚኖር ሰው ይህን ዕዳ ሳይነገረው ያውቀዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የውኃ ማለስለሻ መሣሪያ ለመግዛት የሚያስበው የቤት ባለቤት ቍጥር እየጨመረ ስለ ሆነና፣ ገዢው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚጠይቀው የመሣሪያውን ዋጋ እንጂ በየዓመቱ የሚበላውን ጨው ስላልሆነ፣ በዛሬው ጽሑፋችን ነገሩን በሒሳብ መርምረን ለማስረዳት ወደድን።

ምክንያቱ ከምድሩ ነው። ዝናብ ከደመና ሲወርድ ጽሩይ ነው፤ ወደ አፈር ሲሰርግ ግን ከሥራሥርና ከበሰበሰ ቅጠል የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተቀብሎ ደካማ አሲድ ስለሚሆን፣ የኖራ ድንጋይ ባጋጠመው ቦታ ሁሉ ድንጋዩን ጥቂት በጥቂት እያሟሟ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይሄዳል። በሳቢያን ካሉት ጉድጓዶች የሚቀዳው የድሬዳዋ ውኃም፣ ከአይናለም ጉድጓዶች የሚመጣው የመቀሌ ውኃም እንዲህ ባለ ምድር ውስጥ ያለፈ ነው። በመቀሌ ዙሪያ ደግሞ ከኖራ ድንጋዩ ጋር ጂፕሰም ስለሚገኝ፣ በውኃው ካለው ካልሲየም ከፊሉ ቢያፈሉትም የማይዘቅጥ ነው። አዲስ አበባ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የምታገኘው የዝናብ ክምችት በአንጻሩ ለስላሳ ሲሆን፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚደርሰው ከዚያ ጠንከር ይላል፤ ስለዚህ በአንዲት ከተማ ውስጥ እንኳ ለአንዱ ሰፈር የሚበጀው መሣሪያ ለሌላው ከንቱ ወጪ ሊሆን ይችላል።

ከመግዛት በፊት መለካት የሚገባው ስለዚህ ነው። ኬሚስቶች ካልሲየሙንም ማግኒዚየሙንም በካልሲየም ካርቦኔት ሚዛን አስልተው፣ በአንድ ሊትር ይህን ያህል ሚሊ ግራም ብለው በአንድ ቍጥር ያኖሩታል፤ በተለመደው አከፋፈል ከ60 በታች ያለው ለስላሳ፣ እስከ 120 መጠነኛ፣ እስከ 180 ጠንካራ፣ ከዚያ በላይ ያለው እጅግ ጠንካራ ይባላል። ከውጭ የሚመጡት መሣሪያዎች ግን በየአገራቸው መስፈሪያ ስለሚናገሩ፣ የአሜሪካው አንድ ግሬን 17.1 ሚሊ ግራም፣ የጀርመኑ አንድ ዲግሪ 17.8፣ የፈረንሳዩ አንድ ዲግሪ 10 መሆኑን ያላወቀ ሰው መሣሪያውን በተሳሳተ ቍጥር አስተካክሎ፣ ወይ ጨው ሲያባክን ወይ ኖራ ሲያሳልፍ ይኖራል። ልኬቱ በውኃ አገልግሎት ቤተ ሙከራ ወይም በጠብታ መመርመሪያ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ሲሆን፣ የሚያስወጣው ገንዘብ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

በድሬዳዋ በአንድ ወዳጄ ቤት ቦይለር ሲጠገን ቆሜ ተመልክቻለሁ። ሠራተኛው የታችኛውን ክዳን ፈትቶ ውኃውን የሚያሞቀውን ሬዚስታንስ ሲያወጣ፣ የመዳቡ መልክ ፈጽሞ አይታይም ነበር፤ አውራ ጣት በሚያህል ውፍረት ነጭና ግራጫ ቅርፊት ተደራርቦ ለብሶታል፣ በካቻቢቴ ጫፍ ሲመታውም እየተሰነጠቀ ይረግፋል። ከታንከሩ ሥር የተጠራቀመው ስብርባሪ ደግሞ በእጅ እየታፈሰ ወጣ። ውኃው ሲሞቅ አሟሙቶ የያዘው ባይካርቦኔት ጋዙን ለቆ ወደ ካርቦኔት ስለሚለወጥ፣ ኖራው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጋገረው ሙቀቱ በሚበረታበት በዚያ ብረት ላይ ነው።

እዚህ ላይ በሻጮች ዘንድ የተለመደ አንድ አነጋገር መታረም አለበት። ኖራ የያዘ ቦይለር የመብራት ወጪ እጅግ ያበዛል፣ ማለስለሻው ዋጋውን በመብራት ቍጠባ ብቻ ይመልሳል ይባላል። እሳቱ ከውጭ በሚነድበት ማሞቂያ ነገሩ እውነትነት አለው፤ ሙቀቱ የኖራውን ግድግዳ ማለፍ ሲሳነው በጭስ መውጫው ይጠፋልና። የኤሌክትሪኩ ሬዚስታንስ ግን በውኃው መካከል ተነክሮ ስለሚኖር፣ ያመነጨው ሙቀት ዘግይቶም ቢሆን ወደ ውኃው ከመግባት በቀር ሌላ መሄጃ የለውም። ጉዳቱ በሌላ በኩል ይመጣል፤ ቅርፊቱ ሙቀቱን ስለሚያግድበት ሬዚስታንሱ ከመጠን በላይ ግሎ ይቃጠላል። ስለዚህ ገዢው በሒሳቡ ማስገባት ያለበት የመብራቱን ደረሰኝ ሳይሆን የሬዚስታንሱን፣ የሠራተኛውን፣ የሳሙናውንና የቧንቧ ዕቃውን ወጪ ነው።

መሣሪያው የሚሠራበት ጥበብ እነሆ። በአንድ ረዥም በርሜል ውስጥ ሬዚን የሚባሉ ደቃቅ ፍሬዎች ይሞላሉ፤ እነዚህም ፍሬዎች ሶዲየም ይዘው ስለሚጠብቁ፣ ውኃው ሲያልፍባቸው እንደ ሰፈር ልዋጭ ነጋዴ የራሳቸውን ሰጥተው ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ይቀበላሉ። ቶምፕሰንና ዌይ የተባሉ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1850 አፈር ይህን ልውውጥ እንደሚያደርግ አስታወቁ፤ ጀርመናዊው ሮበርት ጋንስ በሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ ግብሩን ለውኃ ማለስለሻ አዋለው፤ አዳምስና ሆምስ ደግሞ በ1935 ዛሬ ለምንጠቀምበት ሰው ሠራሽ ሬዚን መንገድ ከፈቱ። ፍሬዎቹ ካልሲየም ሲጠግቡ ብርቱ የጨው ውኃ ይለቀቅባቸዋል፤ ያን ጊዜ የያዙትን ጥለው ሶዲየሙን መልሰው ይወስዳሉ፣ የታጠበውም ኖራና የተረፈው ጨው ወደ ፍሳሽ ይሄዳል።

የነገሩ ሁሉ ሒሳብ ያለው በዚህ የጨው እጥበት ላይ ነው። አምስት ነፍስ ያለበት፣ በቀን 400 ሊትር የሚጠቀም ቤት እንውሰድ፤ የውኃውም ኖራ በሊትር 350 ሚሊ ግራም ይሁን። ይህ ቤት በቀን 140 ግራም፣ በዓመት ወደ 51 ኪሎ ግራም ኖራ በቧንቧው ያስገባል ማለት ነው። በአሜሪካኖቹ ልማድ አንድ ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 28 ሊትር ያህል ሬዚን ያለው መሣሪያ፣ በአንድ እጥበት 6.8 ኪሎ ግራም ጨው ቢሰጠው 1,940 ግራም ያህል ኖራ ይይዛል፤ 2.7 ኪሎ ግራም ብቻ ቢሰጠው ግን 1,300 ግራም ይይዛል። አንባቢ ሆይ፣ ይህን አስተውል፤ ጨዉ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሲጨምር የሥራው ፍሬ የሚጨምረው በግማሽ ብቻ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እየቀነሰ የሚሄድ ምርት የሚሉት ሕግ በዚህ በርሜል ውስጥ በግልጽ ይታያል።

በዓመት ሲሰላ ብዙ ጨው በሚበላው አሠራር ቤቱ 179 ኪሎ ግራም ያህል፣ በቍጠባው አሠራር 106 ኪሎ ግራም ያህል ጨው ያወጣል። ነገር ግን ቍጠባውም የራሱ ዋጋ አለው፤ እጥበቱ በዓመት ከ26 ወደ 39 ጊዜ ከፍ ስለሚል፣ በእያንዳንዱ እጥበት 200 ሊትር ያህል ውኃ ይፈሳል ብንል፣ 73 ኪሎ ግራም ጨው ለማትረፍ 2,600 ሊትር ተጨማሪ ውኃ ይከፈላል። ውኃ ሳይቋረጥ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ልውውጥ ያለ ጥርጥር ትርፍ ነው፤ ውኃ በፈረቃ በሚደርስበትና በቦቴ በሚገዛበት ሰፈር ግን ባለቤቱ የሁለቱን ዋጋ በራሱ ሚዛን መመዘን ይኖርበታል።

ሆኖም ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ቍጠባ አለ፤ እርሱንም ሻጮች እምብዛም ሲናገሩት አልሰማሁም። ኖራው በብርቱ የሚጋገረው በሙቅ ውኃ መንገድ ከሆነ፣ የመጸዳጃ ቤቱን፣ የግቢውንና የወለል ማጠቢያውን ቀዝቃዛ ውኃ ማለስለስ ለምን ያስፈልጋል? መሣሪያው ወደ ቦይለር በሚገባው ቧንቧ ላይ ብቻ ቢተከልና ሙቅ ውኃው ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ ቢሆን፣ የዓመቱ ጨው ከ106 ወደ 35 ኪሎ ግራም ይወርዳል፤ የሚገዛውም መሣሪያ ትንሹ ይበቃል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ለቧንቧ ሠራተኛው ግድግዳው ሳይለሰን ቢነግረው ተጨማሪ ወጪው ጥቂት ሜትር ቧንቧ ነው፤ ከተለሰነ በኋላ ግን ግድግዳ መስበር ይመጣል። እኔ በበኩሌ በድሬዳዋም ሆነ በመቀሌ ለሚኖር ወዳጅ የምመክረው ይህንኑ ነው።

የአገራችን ቤቶች አሠራር የሚያመጣው ሌላ ጉዳይ የግፊት ነው። አብዛኛው ቤት ውኃ የሚያገኘው በጣሪያ ላይ ካለ ሮቶ ነው። ውኃ በየ10 ሜትር ከፍታ አንድ ባር ያህል ግፊት ስለሚሰጥ፣ ከመሣሪያው 3 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው የአንድ ባር ሢሶ ያህል ብቻ ነው፤ የተለመዱት ማለስለሻዎች ደግሞ የጨውን ውኃ ስበው ለማጠብ ወደ 1.4 ባር ይሻሉ። ይህን ሳያውቅ የገዛ ሰው መሣሪያው ተተክሎ፣ ጨው ተሞልቶ፣ ጨዉ ከወር እስከ ወር ሳይጎድል ውኃው እንደ ነበረ ሲወርድ ያያል። ስለዚህ የፓምፑ ዋጋ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር አብሮ ይደመር። መብራት በሚቋረጥበት ቦታም በሰዓት ብቻ የሚታጠበው ዓይነት ሰዓቱ ሊዛባበት ይችላልና፣ ያለፈውን ውኃ በሊትር ቈጥሮ የሚታጠበው ይመረጣል፤ ያለ ኤሌክትሪክ በራሱ በውኃው ፍሰት የሚንቀሳቀስ ዓይነትም አለ።

የመጠጥ ውኃን በሚመለከት ነገሩ ጥንቃቄ ይሻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለውኃ ኖራማነት በጤና ምክንያት የወሰነው ገደብ የለም፤ እንዲያውም ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ለሰውነት ይጠቅማሉ። ማለስለሻው ግን በእያንዳንዱ 100 ሚሊ ግራም ኖራ ምትክ 46 ሚሊ ግራም ሶዲየም ስለሚያስገባ፣ በምሳሌያችን ቤት አንድ ሊትር ውኃ 161 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይጨመርበታል። ደም ግፊት ይዞት በሐኪም ትእዛዝ ጨው የቀነሰ ሰውና በዱቄት ወተት የሚያድግ ሕፃን ባለበት ቤት የወጥ ቤቱ ቀዝቃዛ ቧንቧ ሳይለሰልስ መቅረት አለበት። በስምጥ ሸለቆ የሚኖሩ ሰዎችም ጥርስ የሚያበላሸውን ፍሎራይድ ያስወግድልናል ብለው ይህን መሣሪያ እንዳይገዙ አደራ እላለሁ፤ ሬዚኑ የሚለውጠው ካልሲየምንና መሰሎቹን እንጂ ፍሎራይድን አይነካም፣ የዚያም አካባቢ ውኃ ብዙውን ጊዜ ሶዲየም የበዛበትና ኖራ ያነሰበት ነው።

ጨዉን በተመለከተ፣ አሞሌን እንደ ገንዘብ ስትገበያይበት የኖረች አገር ጨው አይቸግራትም፤ ዛሬም የአፍዴራ ጨው በየገበያው ይገኛል። ነገር ግን ለዚህ ሥራ የሚሆነው አፈርና አሸዋ የሌለበት፣ ታጥቦ የደረቀ፣ ተለቅ ያለ ቅንጣት ያለው ጨው ነው። የደቀቀው የገበታ ጨው በዕቃው ውስጥ ተጋግሮ ድልድይ ይሠራል፤ አፈር ያለበትም የጨው ውኃ መሳቢያውን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። ከእጥበት የሚወጣውን ውኃ ደግሞ ጓሮ ላይ ማፍሰስ አትክልቱን ያደርቃል፣ አፈሩንም ያበላሻል።

መግዛት የማያስፈልገውም ሰው አለ። ኖራው ከ120 በታች ለሆነ ቤት፣ ወይም በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ ቦይለር ለሚያበራ ሰው፣ የቦይለሩን ሙቀት ወደ 60 ዲግሪ አውርዶ ሬዚስታንሱን በዓመት አንድ ጊዜ አስፈትቶ በአቼቶ ማስጠብ ሙሉ መሣሪያ ከማስገባት እጅግ ርካሽ ነው። በቧንቧ ላይ የሚታሰሩት ማግኔቶች ግን፣ በተደረጉባቸው ሙከራዎች ወጥ የሆነ ውጤት ስላላሳዩ፣ ገንዘብ ሊከፈልባቸው ይገባል ለማለት አልደፍርም።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ስለ ናረ፣ የመሣሪያው ብቻ ሳይሆን የመለዋወጫው ነገር አብሮ መታየት አለበት። በአግባቡ የተያዘ ሬዚን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል፤ አስቀድሞ የሚበላሸው ከበርሜሉ አናት ላይ ያለው ቫልቭ ነው። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት፣ ሬዚኑ ስንት ሊትር እንደ ሆነ፣ በአንድ እጥበት ስንት ኪሎ ግራም ጨው ወስዶ ስንት ግራም ኖራ እንደሚይዝ፣ የሚሠራበት ዝቅተኛ ግፊት ስንት እንደ ሆነ፣ የቫልቩም ጎማዎች እዚሁ አገር ውስጥ በማን መጋዘን እንዳሉ በደረሰኙ ላይ አስጽፎ ያስፈርም።