ተማሪ ጥንዶች ኢምፔሪያል አካባቢ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ይህን ስሌት እዩት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ሁለታችንም ተማሪዎች ነን፣ አብረን አንድ ክፍል ብንከራይ እንችለዋለን ወይ?» ብዙዎቹ የሚፈልጉት ከኢምፔሪያል እስከ ገርጂ ባለው ሰፈር ነው። ወደ መገናኛም ወደ ቦሌም ታክሲ ስላለ ምርጫው ይገባናል። ግን በብር እናስላው።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ተማሪ የሚመደበው የምግብ በጀት በቀን ከ22 ብር ወደ 100 ብር ማደጉ ይታወሳል። ካፌ የማይጠቀም ተማሪ ብሩን በእጁ ቢቀበል በወር 3,000፣ ለሁለት 6,000 ብር ነው። ያውም የምግብ ነው! የግል ኮሌጅ ተማሪ ደግሞ እሱም የለውም። ስለዚህ ኪራዩ የሚወጣው ከቤተሰብ፣ ልጅ ከማስጠናት ወይም ከማታ ሥራ ነው። ይህ ገቢ በክረምት ሲቋረጥ ምን እንደምታደርጉ ከአሁኑ ተነጋገሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወርሃዊ ኪራዩን ብቻ ሲያይ ነው። የሚከብደው የመጀመሪያው ቀን ነው። ለስሌት እንዲመቸን ኪራዩን 10,000 ብር እንበል። አከራይ «የስድስት ወር ቅድሚያ» ካለ 60,000 ብር ሊሆን ነው። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ግን ከሁለት ወር በላይ ቅድመ ክፍያ መጠየቅን ይከለክላል። ማለትም ጣሪያው 20,000 ብር ነው። በዚህ ላይ የደላላ (ስንት እንደሚወስድ ቤቱን ሳታዩ በፊት ተስማሙ)፣ ፍራሽ፣ ምድጃ፣ ድስት፣ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካንና ባልዲ አለ።

«ታዲያ ራቅ ብለን ጎሮ ወይም አራብሳ እንከራይ» የምትሉ አላችሁ። ጥሩ፣ ኪራዩ በ3,000 ብር ቀነሰ እንበል። ለአንድ ሰው በቀን የ60 ብር ታክሲ ከጨመረ ግን፣ ለሁለት ሰው በ24 የትምህርት ቀን 2,880 ብር ሄደ። ያተረፋችሁት 120 ብር ነው፤ ጠዋት ሰልፍ ላይ የምትቆሙበትን ሰዓት ሳንቆጥር። ራቅ ማለት የሚያዋጣው አንዳችሁ እንኳ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ የምትማሩ ከሆነ ነው።

ወደ ውሉ እንምጣ። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። አዲስ አበባ ውስጥ ምዝገባው የሚካሄደው በወረዳ ነው። ጭማሪም አከራይ በፈለገ ጊዜ የሚያደርገው አይደለም፤ መንግሥት በዓመት አንዴ ከሚያሳውቀው መጠን ማለፍ አይችልም። ሁለት ዓመት ሲባል የሚደነግጥ ተማሪ አለ። የተጠበቃችሁት እናንተ ናችሁ፤ ተከራይ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መውጣት ይችላል።

እውነቱን እንነጋገር፣ በር ላይ ቆማችሁ «አዋጁ እንዲህ ይላል» ብትሉ ቤቱ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። አንዳንዱ አከራይ ግብር ፈርቶ «ወረቀቱ ላይ 5,000 እንጻፍ፣ አምስቱን በእጅ ትሰጡኛላችሁ» ይላል። በእጅ ለሰጣችሁት ምንም ማስረጃ የላችሁም፤ ነገ እሱን ብቻ 8,000 ቢያደርገው ለወረዳ የምታሳዩት ነገር አይኖርም። ሕጉም ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲከፈል ነው የሚለው። በእኛ እምነት፣ ቅድሚያው ላይ ትንሽ ብትሸነፉ እንኳ ውል አልጽፍም ከሚል ሰው ጋር አትግቡ። ርካሽ የመሰላችሁ ቤት ስድስት ወር ሳይሞላ ይወደዳል።

አሁን ሁሉም የሚያፍርባት ጥያቄ። እትዬ በሩን ከፍተው «ልጆቼ፣ ተጋብታችኋል?» ይላሉ። ብዙዎች «እህትና ወንድም ነን» ብለው ይገባሉ። መታወቂያ ሲመጣ የአባት ስም አይገጥምም፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ መሸማቀቅ ነው። እውነቱን ተናግራችሁ የሚቀበላችሁን ፈልጉ፤ ፍለጋው ይረዝማል፣ ግን ይገኛል።

እውነቱን ከተናገራችሁ ደግሞ ሁለታችሁም ፈርሙ። ውል የሚያስረው የፈረመውን ነው። በእሱ ስም ብቻ ከተጻፈና ብትጣሉ፣ እሷ ግማሹን ስትከፍል ብትቆይም ከአከራዩ ጋር የምትከራከርበት ውል የላትም። ዕቃም እንዲሁ ነው። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩ ሰዎች ያፈሩትን ንብረት የጋራ የሚያደርገው ግንኙነቱ ቢያንስ ሦስት ዓመት ከቆየ ነው። ፍሪጁን ማን እንደገዛው የሚያሳየውን ደረሰኝ አትጣሉት።

ወረዳ ስትሄዱ ከአከራዩ ጋር ሂዱ፣ መታወቂያችሁን ያዙ፣ የተመዘገበውን ውል አንድ ቅጂ ሳትቀበሉ አትመለሱ። አከራያችሁ «አልመዘገብም» ያላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን።