ከማሞቂያ ክፍል እስከ ሦስተኛ ክፍል

በነቀምቴና በምሥራቅ ወለጋ ወረዳዎች፣ ኪራሙን ጨምሮ፣ ቀኑ ሳይደርስ ስለተወለደ ልጅ በቤተሰብም በጤና ተቋምም ደጋግሞ የሚሰማው ፍርድ፣ ሕፃኑ ከማሞቂያ ክፍል ወጥቶ፣ ጡት ጠብቶና ክብደት ጨምሮ ከእኩዮቹ ከተስተካከለ ነገሩ አበቃ የሚል ነው። ፍርዱ ከእውነተኛ እፎይታ የመጣ መሆኑ አይካድም፤ በጎንደር፣ በጅማና በአዲስ አበባ በሚገኙ አምስት ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በተካሄደው ጥናት ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ከገቡት 3,852 ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት 1,109ኙ 28 ቀን ሳይሞላቸው ሞተዋል፤ ከዚህ ያመለጠ ልጅ እናት ሌላ ጥያቄ ለመጠየቅ ባትቸኩል አይፈረድባትም። የሚያስወቅሰው የጤና ባለሙያውም እንደ እናትየዋ እፎይ ብሎ ፋይሉን መዝጋቱ ነው።

በጣም ያለጊዜው ተወለደ የሚባለው የእርግዝናው 32ኛ ሳምንት ሳይሞላ የተወለደ ልጅ ነው። የአንጎል ፈጣኑ ዕድገት የሚካሄደው ይህ ልጅ በማሕፀን ባላሳለፋቸው የመጨረሻ ሳምንታት ነው፤ የአንጎል ገጽ እጥፋቱን የሚያወጣው፣ የነርቭ ክሮችም መልእክት የሚያፋጥነውን ቅባታማ ሽፋን ለመልበስ የሚዘጋጁት በዚያ ጊዜ ሲሆን፣ ሽፋኑን የሚሠሩት ሕዋሳት ገና ሳይበስሉ የኦክስጅን ማነስ ወይም ኢንፌክሽን ቢያገኛቸው በቀላሉ ይጎዳሉ። ጉዳቱ ሲበረታ ሴሬብራል ፓልሲን፣ ማለትም አንጎል በጨቅላነት በመጎዳቱ የሚመጣን የእንቅስቃሴና የሰውነት አቋም ችግር፣ ያስከትላል፤ ይህኛው ቀድሞ ይታያል። ሳሳ ብሎ የተሰራጨው ጉዳት ግን ልጁ በእግሩ ሄዶ፣ አፉን ፈትቶ፣ ደህና ወፍሮም ሳለ ተሸፍኖ ይቆያል። ሚዛኑ የሚያሳየው ኪሎ ስለዚህ ጉዳት የሚናገረው ነገር የለም፤ የራስ ዙሪያ ልኬት ጥቂት ፍንጭ ይሰጥ ነበር፣ እሱም ብዙ ጊዜ አይለካም።

የተሸፈነው የሚገለጠው ትምህርት ቤት ከልጁ አዲስ ነገር መጠየቅ ሲጀምር ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ በጣም ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች የአእምሮ ችሎታ ውጤት በቀናቸው ከተወለዱት በአማካይ ከ10 እስከ 13 ነጥብ ያህል ዝቅ ይላል፤ አማካይ ግን የአንድን ልጅ ዕጣ አይወስንም፣ ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹም በመደበኛ ትምህርት ቤት ይማራሉ። ከነጥቡ ይልቅ ለመምህሩ የሚጠቅመው የችግሩ መልክ ነው። ብዙዎቹ የሚቸገሩት በሥራ ላይ በሚውል ትውስታ፣ ማለትም የተነገረን ነገር በአእምሮ ይዞ በዚያው መሥራት በሚያስችለው ችሎታ ነው፤ ስለዚህ ከንባብ ይልቅ ሒሳብ ይከብዳቸዋል፣ ሦስት ትእዛዝ በአንድ ላይ ሲሰጣቸው ሁለቱ ይጠፋባቸዋል፣ ከጥቁር ሰሌዳ መገልበጥና እርሳስ አጥብቆ መያዝም ያዳግታቸዋል። ትኩረታቸው ሲበተንም ብዙ ጊዜ አይረብሹም፤ ዝም ብለው ይቀመጣሉ።

ከኪራሙ በጊዳ አያና በኩል ወደ ነቀምቴ ለምርመራ የመጣ አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እንበል። ቤተሰቡ ልቡ አይሰበሰብም ይላል፣ መምህሩ ፈዛዛ ነው ብሏል፣ ከዚያ በፊት ያዩት ባለሙያዎች ደግሞ ደም ማነስና የሆድ ትላትል ፈልገዋል። ስንት ወሩ ላይ እንደተወለደ ግን የጠየቀ የለም። እንዲህ ያለ ልጅ ሰነፍ ተብሎ ሲቀጣ ከሒሳቡ ችግር ላይ ፍርሃት ይጨመርበታል፤ ስንፍና የሚል ምርመራ በየትኛውም የሕክምና መጽሐፍ አይገኝም፣ እየተሰጠ ግን ነው። በኪራሙ አፋን ኦሮሞም አማርኛም የሚነገር በመሆኑ ልጁ አፉን ባልፈታበት ቋንቋ ተፈትኖ የቋንቋው ክፍተት የአእምሮ ዝግመት ተብሎ እንዳይመዘገብ መጠንቀቅም ያስፈልጋል።

የመግቢያ ዕድሜ ሌላው የተዘነጋ ጉዳይ ነው። ኅዳር ላይ ይወለዳል ተብሎ ሲጠበቅ በነሐሴ የተወለደ ልጅ መስከረም ሲጠባ ሰባት ዓመት ሞላው ተብሎ አንደኛ ክፍል ይገባል፤ በቀኑ ቢወለድ ኖሮ ለመግባት ገና አንድ ዓመት ይቀረው ነበር። ሐኪሞች እስከ ሁለት ዓመት ድረስ የሚጠቀሙበት የተስተካከለ ዕድሜ፣ ይኸውም ከተወለደበት ሳይሆን ሊወለድ ከሚገባው ቀን የሚቆጠር ዕድሜ፣ በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ቦታ የለውም። ይህ ማለት ልጁን አንድ ዓመት ቤት ማስቀመጥ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፤ በጀርመን ባቫሪያ እ.ኤ.አ. በ1985ና በ1986 የተወለዱ ልጆችን እስከ ጉልምስና የተከታተለው ጥናት መግቢያን ማዘግየት በራሱ የትምህርት ውጤትን እንዳላሻሻለ አሳይቷል። በጊዜው የገባ ልጅ ከፊት መቀመጥ፣ ትእዛዝን አንድ በአንድ መስማትና ቁጥርን በጠጠርና በበቆሎ ፍሬ እየቆጠረ መማር ይጠቅመዋል፤ ለዚህ ባጀትም ልዩ ባለሙያም መጠበቅ አያስፈልግም።

ተስፋ መቁረጥም እንደ ቸልታው ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ የተጀመረውና ሕፃኑን ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ አስጠግቶ በማቆየት የሚሰጠው የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ተጠቃሚዎቹ 20 ዓመት ሲሞላቸው ተመልሰው ሲታዩ፣ ከሌሎቹ ይልቅ ከትምህርት ገበታ ያነሰ መቅረትና ያነሰ ቁጡነት እንዳስገኘ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አመልክቷል፤ የእንዲህ ያለ እንክብካቤ ጥቅም ከሆስፒታል ከወጡም በኋላ ምን ያህል እንደሚዘልቅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በክትባት ካርዱ ላይ የእርግዝናውን ሳምንት ብትጽፍ፣ ዐይንና ጆሮው ከትምህርት ቤት በፊት ቢመረመር፣ ካርዱም በምዝገባ ቀን ለርእሰ መምህሩ ቢታይ ብዙ ነገር ይቃናል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው በደረሰው ግጭትና መፈናቀል ካርዳቸው የጠፋባቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ይሁን እንጂ በስንት ወሯ እንደወለደችና ሕፃኑ ስንት ቀን በማሞቂያ ክፍል እንደቆየ የምትረሳ እናት የለችም፣ መዝጋቢው ይህን ለመጠየቅ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም።