አበባችሁን የገደለው ጥም ነው ውኃ?

የዛሬው ወጋችን ስለ ፍቅር አይደለም። ለነገሩ ፍቅርም አለበት፤ ግን የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ የተተከለ ነው።

ሮቤና ጎባ ብቅ ያለ ሰው አይቶት ይሆናል። በየደጃፉ የቀለም ባልዲው፣ የዘይት ቆርቆሮው፣ አፉ የተቆረጠው ጀሪካን ሁሉ የሆነ ነገር ተተክሎበታል። ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጽጌረዳ... ወንደላጤው ሳይቀር አንዲት እሬት አትጠፋውም! አገሩ ደግሞ የውኃ አገር ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርካቸው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበላቸው የባሌ ተራሮች ገናሌን፣ ወይብንና ዋቢ ሸበሌን የሚመግቡ ናቸው። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ውኃ ሥር ተቀምጦ አበባ ማድረቅ ምን ይባላል? ቆይ፣ አትፍረዱ። አበባው የሚሞተው በጥም ብቻ መሆኑን ማን ነገራችሁ?

ነገሩ ወዲህ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ሮቤ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። አንደኛዋ እናቷ ካረፉ በኋላ ጎባ ከሚገኘው ደጃፋቸው የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ቆርጣ አምጥታ በቆርቆሮ ተክላለች። የእናትየው ቤት የኪራይ ስለነበረ ዛሬ ተመልሳ የምትቆርጥበት የለም። ያለችው ይህችው አንዷ ናት።

ባለቤቷ ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት ታጠጣለች። ጓደኛዋ ደግሞ ቀን ቅጠሉ ጠውልጎ ስታየው አንጀቷ አይችልም፤ አንድ ጣሳ ትለቅበታለች። አንዷ ማጠጣቷን ሌላዋ አታውቅም። ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ መርገፍ ጀመረ። «አንቺ ነሽ ያደረቅሽብኝ!» «ውኃውን በባጃጅ አስጭኜ የማመጣው እኔ፣ የምወቀሰውም እኔ?» ተባባሉ። በመጨረሻ ማዕድ እስከ መለየት ደረሱ። በአንድ ጽጌረዳ!

ባለጽጌረዳዋ ይህን ስታጫውተኝ መጀመሪያ የጠየቅኋት አንድ ነገር ነው። «የቆርቆሮው ቂጥ ተበስቷል?»

«ለምን ይበሳል? ሲሚንቶውን እንዲያበላሽብን?» አለችኝ።

በቃ፣ ገዳዩ ተገኘ።

ሥርም ይተነፍሳል

የተክል ሥር እንደኛው አየር ይፈልጋል። አየሩን የሚያገኘው በአፈሩ መካከል ካሉት ጥቃቅን ክፍተቶች ነው። መውጫ የሌለው ቆርቆሮ ውስጥ ውኃው ይተኛና ክፍተቱን ሁሉ ይሞላዋል። ሥሩ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውኃ ወደ ላይ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ቅጠሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል! እናንተ «ጠማው» ብላችሁ ትጨምራላችሁ። ጥምና ጥጋብ መልካቸው አንድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? በጣት! ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው መገጣጠሚያ አፈሩ ውስጥ አስገቡት። ርጥበት ካገኛችሁ ጣሳችሁን መልሱ። ደረቅ ከሆነ አጠጡ። ሌላም ዘዴ አለ፦ ቆርቆሮውን አንሡት። ውኃ የጠጣ ይከብዳል፣ የተጠማ ይቀላል። ከሳምንት በኋላ እጃችሁ ራሱ ሚዛን ይሆናል። አፈሩ ርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከጠወለገና ከቆርቆሮው የበሰበሰ ሽታ ከመጣ ግን ችግሩ ጥጋብ ነው።

«በየሦስት ቀኑ አጠጣ» የሚል ምክር ለባሌ ደጋ አይሠራም። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ጎባ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። በበጋው ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጩ አጥንት ይሰብራል። ቀን ትንሿ ጣሳ ወዲያው ትደርቃለች። ሌሊት አፈሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሥሩ የሚጠጣው በጣም ጥቂት ነው፤ ማታ የፈሰሰው ውኃ ቀዝቅዞ እዚያው ያድራል። ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው የሳነቲ ጅብራ እንኳ ሌሊት ቅጠሎቹን ሰብስቦ እምቡጡን ሸፍኖ ነው የሚያድረው። የናንተ ጽጌረዳ ግን እግሯን በረዶ ውኃ ውስጥ ነክራ ትደር? ስለዚህ ጠዋት፣ ፀሐይ ወጣ ሲል አጠጡ። ውኃውም ቤት ውስጥ ያደረ ቢሆን ይመረጣል።

እንዴት እናጠጣ?

አንደኛ፣ ቂጡን በምስማር አራት አምስት ቦታ ብሱትና በሁለት ድንጋይ ላይ አስቀምጡት። «ጠጠር ከሥር አድርጌበታለሁ» ማለት ቀዳዳን አይተካም። ሲሚንቶው ካሳሰባችሁ ሰሐን አድርጉለትና ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተጠራቀመውን ድፉት።

ሁለተኛ፣ ስታጠጡ ቀስ እያላችሁ ከታች እስኪንጠባጠብ አጠጡ፤ ከዚያ ጣት «ደርቋል» እስኪል ተዉት። በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ ላዩን ብቻ ያርሳል፤ የታችኛው ሥር ጦሙን ያድራል።

ሦስተኛ፣ አፈሩ ደርቆ ከቆርቆሮው ጠርዝ ከተላቀቀ ውኃው በጎን ሾልኮ ያመልጣል። እናንተ የጠጣ ይመስላችኋል። ያን ጊዜ የተበሳውን ቆርቆሮ ጥቂት ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጡት፤ ከሥር ይስባል። ከዚያ አውጡት።

አራተኛ፣ ዕቃውንና ተክሉን እወቁ። ሸክላ በገላው ስለሚያተን ከፕላስቲክ ቶሎ ይደርቃል። እሬት፣ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ደረቅ ሲሉ ነው የሚወዱት። በሶብላ ውኃም ሙቀትም ትፈልጋለች፤ ሌሊት ቤት አስገቧት።

አምስተኛ፣ ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር፦ ጎመን የታጠበበትን ውኃ አትድፉ፤ ለአበባ ይሆናል። ጨው፣ ቅባትና ሳሙና የነካው ግን አይሆንም። ባሌ የስንዴና የገብስ አገር ነውና ጭድ አይጠፋም። ሁለት ጣት ያህል ጭድ አፈሩ ላይ ብታለብሱበት ፀሐዩ ውኃውን ቶሎ አይነጥቃችሁም። ግንዱን ግን አታስነኩት።

ለጽጌረዳዋ

ልጅቷን እንዲህ አልኳት። ነቅለሽ ሥሩን እዪው። ጥቁር፣ ልፍስፍስና የሚሸት የሆነውን በንጹሕ ምላጭ ቁረጪ። አፈር፣ አሸዋና የቆየ ፍግ ቀላቅለሽ በተበሳ ቆርቆሮ ትከያት፤ አንዴ አጠጥተሽ ጥላ ሥር አቆያት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዛሬውኑ ጤነኛ ከሆነው ቅርንጫፍ እርሳስ የሚያህል ሁለት ሦስት ቆርጠሽ ለየብቻው ትከዪ። የእናትን ነገር አንድ ቆርቆሮ ላይ ብቻ መጣል አይገባም።

ጽጌረዳዋ ትተርፍ እንደሆነ ገና አልለየም። ከቁራጮቹ አንዷ ግን አቆጥቁጣለች አሉ። እሷንም የምታጠጣው ጓደኛዋ ናት፤ እነሱው ተነጋግረው የወሰኑት ነው። ማጠጣት የአንድ ሰው ሥራ ይሁን። ሁለት ሰው ካላችሁ ያጠጣችሁበትን ቀን በጠመኔ ቆርቆሮው ላይ ጻፉ። ጓደኛችሁን «አንቺ ነሽ» ከማለታችሁ በፊት የቆርቆሮውን ቂጥ እዩ። ጣታችሁንም አፈሩ ውስጥ ሳታስገቡ ጣሳ አታንሡ።

ሳምንት ያገናኘን!