ነውር ማለት ማስተማር አይደለም

በቀትር ከሲቀላ ወደ ሴቻ የወጣ ሰው የአርባ ምንጭን ሙቀት ያውቀዋል። አንድ የማውቀው የ14 ዓመት ልጅ በዚያ ሙቀት ሸሚዙን ብቻ ሳይሆን ሱሪውንም በአደባባይ ያወልቅ ነበር። እናቱ «ነውር ነው!» እያሉ ይቆጡታል፤ ነውሩ ምን እንደ ሆነ ግን አይነግሩትም። ልጁ ኦቲዝም አለበት። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ሰሙን እንጂ ወርቁን አይዝም፤ ሰውነቱ ግን እንደ እኩዮቹ ይጎረምሳል።

እኔስ ብሆን? ስለ መራቢያ አካላት የሚናገረውን ምዕራፍ በጥድፊያ የማልፍ አስተማሪ ነኝ።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ማዕከልን ከከፈቱ ወዲህ ብዙ ወላጅ የኦቲዝምን ስም ሰምቷል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ25ኛው አንቀጽ የሥነ ተዋልዶ ጤናን ይጨምራል። ዳሩ ግን ነገሩ በየቤታችን ገና በሹክሹክታ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ትምህርቱ ረቂቅ አይደለም። የሰውነትን ክፍል በስሙ መጥራት፤ በር ተዘግቶ የሚደረገውንና በሰው ፊት የሚደረገውን በሥዕል መለየት፤ «አትንካኝ» ማለትን ደጋግሞ ማለማመድ ነው። ይህን ያልተማረ ልጅ ክፉ ሰው ቢደፍረው የደረሰበትን የሚናገርበት ቃል እንኳ የለውም።

እናቱ ሁለት ሥዕል ሣሉ፤ አንዱ የመኝታ ቤት በር፥ ሌላው ገበያ። ሱሪ ማውለቅን ከበሩ ሥር አደረጉት። አሁን ገበያ ሲወጡ ልጁ ቀበቶውን ይነካና «በር» ይላል።