በረዶ የሚጨምቃት መርከብ

ክረምት ላይ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አሮጌ ቤቶች ቆርቆሮ ላይ በረዶ ሲወርድ ጆሮ ያደነቁራል፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ይሟሟል። የዋልታ ባሕር በረዶ ሌላ ነገር ነው፤ ባሕሩ ራሱ ረግቶ የጠጠረ ነው። ነፋስ ሲገፋው መርከብን ከግራና ከቀኝ ይጨምቃል።

ቆርቆሮው ግን ጥሩ አስተማሪ ነው። ዝርግ ላሜራ በእጅ ሲጫኑት ይጎብጣል፤ ያው ላሜራ ሞገድ ሲወጣለት ሰው ይሸከማል። የመርከብ ጎንም የሚጠነክረው በላሜራው ውፍረት ብቻ አይደለም፤ ከውስጥ እንደ ጎድን አጥንት በተደረደሩት ብረቶችም ነው። ስለዚህ በረዶ በሚነካት ቦታ፣ በውኃው ልክ ዙሪያዋን፣ ላሜራው ይወፍራል፤ አጥንቶቹም ይቀራረባሉ።

ምን ያህል? የፊንላንድና የስዊድን ደንብ ለባልቲክ ባሕር አራት ደረጃ አለው፤ ከፍተኛው 1 ሜትር፣ ዝቅተኛው 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን በረዶ መሠረት ያደርጋል። መሐንዲሱ የበረዶውን ግፊት አስልቶ ላሜራውና አጥንቱ ይችሉት እንደሆነ ያያል። ብርድም ብረትን ይለውጣል፤ ሙቀት ላይ የሚታጠፈው ብርድ ላይ እንደ ብርጭቆ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ የብረቱን ናሙና ጎኑን በትንሹ ሸርፈው ያቀዘቅዙትና በሚወዛወዝ መዶሻ ይመቱታል፤ እስኪሰበር ምን ያህል ጉልበት እንደዋጠ ይለካል። መርከቧ ከተሠራች በኋላም ዝገት የበላውን ውፍረት በድምፅ ሞገድ ይለካሉ፤ በአጥንቶቹ መካከል የጎደጎደ ላሜራም ይፈልጋሉ።

የቅርጽንና የአጥንትን ነገር ግን ከሁለት የእንጨት መርከቦች በላይ የሚያስረዳ የለም። እ.ኤ.አ. በ1892 ውኃ የነካችው የኖርዌይዋ ፍራም ሆዷ ክብ ስለሆነ በረዶው ሲጨምቃት ወደ ላይ ትወጣ ነበር። የዋልታ አሳሹ የሻክልተን መርከብ ኢንዱራንስ ግን እ.ኤ.አ. በ1915 በዌድል ባሕር ተጨፍልቃ ሰጠመች፤ 28ቱም ሰዎች መትረፋቸው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ለረጅም ዘመን ጠንካራ ናት ሲባልላት ኖሯል። ፊንላንዳዊው ተመራማሪ ዩካ ቱህኩሪ በ2025 ባወጣው ጥናት ግን በሞተር ክፍሏ ዙሪያ ድክመት እንደነበረባትና ግፊቱን የሚቋቋሙ ሰያፍ ወጋግራዎች እንዳልነበሯት አሳይቷል።

ባሕር ዳር ሠልጥነው በውጭ መርከቦች የሚሠሩ ልጆቻችን ይህን ቢያውቁ እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ዓለም አቀፍ የዋልታ ደንብ መሠረት ወደ ዋልታ ባሕሮች የምትሄድ መርከብ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋታል። ወረቀቱን ሲያዩ የመርከቧን የበረዶ ደረጃና የምትችለውን ብርድ ይጠይቁ፤ ፍጥነቷንም ጭምር፤ በዝግታ የምትችለውን በረዶ በፍጥነት ከገጨችው ልትቀደድ ትችላለችና።