ቀይ ወይንን ምላስ ይመዝነዋል፤ የካርቱምን ‘አረጊ’ ግን ለምን አይችልም?

የወይን ቀማሾች ሦስት መሣሪያ አሏቸው፦ ዓይን፣ አፍንጫ እና ምላስ። የአልኮል መጠጥ ለአስርታት በሕግ ታግዶ በቆየባት ካርቱም ግን ሦስቱም ጠጪውን ከአደጋ ላያድኑት ይችላሉ። ለምን?

ቀማሹ ምን ይፈልጋል?

ከሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ ከፒዬድሞንት ግዛት የሚመጣውን ባሮሎን እንውሰድ። ነቢዮሎ ከተባለ የወይን ዝርያ የሚጠመቀው ይህ ከበድ ያለ ቀይ ወይን ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ 38 ወራት ይቆያል፤ 18ቱን በእንጨት በርሜል ያሳልፋል።

ቀለሙ ሳሳ ያለ በመሆኑ ዓይን ቀላል መጠጥ ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል። አፍንጫ የጽጌረዳና የሬንጅ ሽታ ይለይበታል። ክብደቱ የሚታወቀው በአፍ ሲያዝ ነው፤ ወተት ከውኃ እንደሚከብድ ማለት ነው። ታኒን የተባለው ንጥረ ነገር እንደ ወፍራም ሻይ ድድን ያደርቃል። ከተዋጠ በኋላ ጣዕሙ በአፍ ውስጥ መቆየቱ የጥራቱ ምልክት ነው።

ይህ ሁሉ ምዘና ግን ጠርሙሱ የያዘው በእርግጥም ወይን መሆኑን ታሳቢ ያደርጋል።

ከሱቅ ወደ ጓዳ

ፕሬዝዳንት ጃፋር ኒሜሪ እአአ በመስከረም 1983 የሸሪዓ ሕግ ሲያውጁ በካርቱም የተገኘው መጠጥ ዓባይ ወንዝ ውስጥ ተደፋ። የ1991ዱ የወንጀል ሕግም በሚጠጣ ሙስሊም ላይ 40 ግርፋት ደነገገ። የሽግግር መንግሥቱ በሐምሌ 2020 ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች መጠጣትን ፈቀደ፤ ለሙስሊሞች ክልከላው ጸና።

መጠጡ ግን አልጠፋም፤ ወደ ጓዳ ገባ። ከቴምር የሚወጣው ‘አረጊ’ ከእኛው አረቄ ጋር የስም ዝምድና አለው። ከጦርነት የተፈናቀሉ ሴቶችና ስደተኞች ኑሯቸውን በእርሱ ሲደጉሙ፣ ብዙዎቹ ለእስርና ለግርፋት ተዳርገዋል።

የማይቀመሰው መርዝ

በድብቅ በሚሸጥ መጠጥ ውስጥ የኢንዱስትሪ አልኮል ከተቀላቀለ ሜታኖል ሊኖር ይችላል። ሜታኖል ቀለም የለውም፤ ሽታውና ጣዕሙም ከተለመደው አልኮል ብዙም አይለይም። ጉበት ወደ ፎርሚክ አሲድ ሲለውጠው የዓይን ነርቭን ይጎዳል፤ ይገድላልም።

ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይዘገያል። ከጠጡ በኋላ የዓይን መደብዘዝ፣ የሆድ ሕመም ወይም የትንፋሽ መፍጠን ከታየ ስካር ነው ብሎ መተኛት አደገኛ ነው። በሐኪም የሚሰጥ ማርከሻ አለ፤ የሚሠራው ግን በጊዜ ሲደረስ ነው።