አማተር ሬዲዮ እንዴት ይጀመራል?

ማታ ማታ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ከፍቶ የአሜሪካ ድምፅን ወይም የዶቼ ቬሌን የአማርኛ ዝግጅት የተከታተለ ሰው፣ ድምፁ አንዴ እየጠራ አንዴ እየራቀ ሲያስቸግረው ቁልፉን በቀስታ ያዞር እንደነበር አይረሳውም። ሰዎች ለንግድ ሳይሆን ለራሳቸው ደስታ በሬዲዮ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት አማተር ሬዲዮም የሚጀመረው ከዚያው ነው፤ መጀመሪያ ጆሮ፣ ከዚያ አፍ።

አጭር ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ አዮኖስፌር ከተባለው የከባቢ አየር ክፍል ሲደርስ ይታጠፍና ተመልሶ ሩቅ አገር ያርፋል። ይህን ክፍል የምትሠራው ፀሐይ ስለሆነች ሰዓቱ ወሳኝ ነው። በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ቀን ላይ የሚሰማው በአብዛኛው የቅርብ ሰው ነው፤ ታችኛው ንብርብር ሞገዱን ይውጠዋል። ሲመሽ ያ ንብርብር ይጠፋና ሩቁ ይቀርባል። 14 ሜጋኸርዝ ግን ቀን ላይም ሩቅ ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ ብዙዎቹ አማተሮች የሚጠቀሙት 100 ዋት ነው፤ የድሮው ትልቅ አምፖል የሚበላውን ያህል መሆኑ ነው።

ለማዳመጥ ተራ ሬዲዮ አይበቃም። አማተሮች ኃይል ለመቆጠብ ተሸካሚውን ሞገድ አስቀርተው ስለሚልኩ፣ ንግግራቸው በተራ ሬዲዮ ቃሉ የማይለይ ጉርምርምታ ይሆናል። ይህ አላላክ ኤስኤስቢ ይባላል፤ እሱን የሚቀበል ሬዲዮ ይፈልጉ።

ገንዘብዎን በአንዴ በመሣሪያው ላይ አይጨርሱት፤ ሥራውን የሚሠራው የአንቴናው ሽቦ ነው። 143ን በሜጋኸርዝ ሲያካፍሉ የአንቴናውን ርዝመት በሜትር ያገኛሉ። ለ14.2 ሜጋኸርዝ 10 ሜትር ያህል ይመጣል፤ መሐሉ ላይ ተቆርጦ በየጎኑ 5 ሜትር ይሆናል፣ ወደ ሬዲዮው የሚወርደው ገመድም ከመሐሉ ይያያዛል። ሲቆርጡ ትንሽ ያስረዝሙት፤ ማሳጠር ቀላል ነው። ከመብራት ሽቦ ግን በጣም ያርቁት፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ጀማሪዎች ቀድመው የሚገዙት ትንሿ የእጅ ሬዲዮ የምትሠራው በአብዛኛው አንቴና ለአንቴና በሚተያይበት ርቀት ነው። እሷን ይዞ አውሮፓን የሚጠብቅ ብዙ ይጠብቃል።

ለመናገር ፈቃድ ያስፈልጋል። አሜሪካ ላላችሁ ወገኖች የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ ነው፤ 26ቱን የመለሰ ያልፋል። የጥያቄዎቹ ስብስብ አስቀድሞ ለሕዝብ የታተመ ነው፤ ሞርስ ማወቅም ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ አይጠየቅም። በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፈቃድ ያገኘ ሰው የጥሪ መለያ ይሰጠዋል፤ በአየር ላይ መነገድ፣ ዘፈን መልቀቅ፣ በምስጢር ኮድ ማውራት ክልክል ነው።

«ሲ ኪው፣ ሲ ኪው» የሚል ከሰሙ «የሰማኝ ይመልስልኝ» እያለ ነው። ቀጥሎ መለያውን ፊደል በፊደል ይናገራል። በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ «ኤኮ ታንጎ ስሪ አልፋ አልፋ» ይባላል። ማዶ ያለው «59» ካለ፣ 5 ንግግሩ መጥራቱን፣ 9 የምልክቱን ጉልበት ይገልጻል። ስንብቱ «73» ነው።

ከኢትዮጵያ የሚያስተላልፉ አማተሮች ጥቂት ስለሆኑ በኢቲ የሚጀምር መለያ ሲሰማ ከየአገሩ ብዙ ሰው በአንድ ላይ ይጣራል። ተራው ደርሶዎት ከዚያ ከጠሩ፣ እርሳስና ደብተር አጠገብዎ ይሁን።